የታይሚንግ ቺንጋን በቤት ለመለወጥ ስለሚያስፈልጉ መሣሪያዎች

እህሉን በመኪናው ወደ ገበያ የሚያደርስ ገበሬ የታይሚንግ ቺንጋን ነገር ቸል ሊለው አይገባም። ይህ ባለ ጥርስ ቺንጋ ካምሻፍቱን ከክራንክሻፍቱ ጋር አስማምቶ ያዞራል፤ በብዙ የናፍጣ ሞተሮች ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተኑ ከቫልቩ ተጋጭቶ ሞተሩ ይበላሻል። ስለዚህ በመኪናው መጽሐፍ የተወሰነው ኪሎ ሜትር ሳይሞላ መለወጥ አለበት።

ለሥራው በመጀመሪያ ልካቸው ትክክል የሆነ ቡሶላዎችና ረጅም እጀታ ያስፈልጋሉ፤ ያረጀ ቡሶላ የቡሎኑን ጥግ ይልጣልና። ፑሊው በመዶሻ አይመታም፤ በፑሊ ማውጫ እኩል እየተሳበ ይወጣል። ቶርክ ሬንች የሚባለውን ባለ ልክ ማጥበቂያም የክንድ ግምት አይተካውም።

አዲሱ ቺንጋ ከገባ በኋላ ሞተሩ ከመነሣቱ በፊት በመፍቻ 2 ዙር ይዙር፤ ምልክቶቹ ካልገጠሙ ሥራው እንደ ገና ይጀመራል። ማውጫውና ማጥበቂያው በየጥቂት ዓመቱ አንድ ጊዜ ብቻ የሚፈለጉ ስለሆኑ ጎረቤታሞች ገንዘብ አዋጥተው ቢገዟቸው ወጪው ይቀልላቸዋል።