ጉበትን የሚጎዳው ማን ነው? ሄፓታይተስ ቢና የለንደን ኢትዮጵያውያን

በአብዛኞቹ የለንደን የመንግሥት ሆስፒታሎች ድንገተኛ ክፍል ደም የሚቀዳለት አዋቂ፣ አልፈልግም ካላለ በቀር፣ ከ2022 ወዲህ ለኤችአይቪ፣ ለሄፓታይተስ ቢና ሲ አብሮ ይመረመራል። ለደረት ውጋት ወይም ለስብራት ሄዶ ሄፓታይተስ ቢ እንዳለበት የሚሰማ ሰው ጥቂት አይደለም። ይህ ለእኛ ሰው ሩቅ ወሬ አይደለም፤ አገር ቤት የተሠሩ ጥናቶች ተጠቃለው ሲታዩ ከ100 ሰው 7 ያህሉ ቫይረሱን ይዞ ይኖራል። በመላው ዓለም ደግሞ በ2022 ቁጥሩ 254 ሚሊዮን እንደነበር የዓለም ጤና ድርጅት ገምቷል።

ውጤቱን የሰማ ሰው ቀድሞ የሚጠይቀው «የመከላከያ አቅሜን በምን ላጠንክር?» ብሎ ነው። ጥያቄው ከልብ የመነጨ ቢሆንም የበሽታውን ጠባይ ይስታል። ቫይረሱ በጉበት ሴል ውስጥ ይባዛል እንጂ ሴሉን ራሱ አይገድለውም። ጉዳቱ በአብዛኛው የሚመጣው የሰውነት ተከላካይ ሴሎች የተያዘውን የጉበት ሴል ለማጥፋት ሲዘምቱ ነው። ያ ዘመቻ ሳያሸንፍ ለዓመታት ሲቀጥል ጉበት ላይ ጠባሳ ይከመራል፤ ሲብስም ሲሮሲስና ካንሰር ይከተላል። በጨቅላነታቸው ከተያዙ 10 ሕፃናት በ9ኙ ቫይረሱ ሥር ይሰዳል፤ በአዋቂነት ከተያዙት ግን ይህ የሚደርሰው ከ100 ከ5 ባነሱት ላይ ነው።

ስለዚህ «መከላከያ ያጠነክራል» ተብሎ በጠርሙስ የሚሸጥ ሁሉ ቫይረሱን አያጠፋም። ይባስ ብሎ የእርድ፣ የአረንጓዴ ሻይና የአሽዋጋንዳ እንክብሎች ጤነኛ የነበረ ጉበት እንኳ መጉዳታቸው ተመዝግቧል። በሌላ በኩል የካንሰር ኬሞቴራፒና አንዳንድ መከላከያን የሚያዳክሙ መድኃኒቶች የተኛውን ቫይረስ ሊቀሰቅሱት ይችላሉ፤ እንዲህ ያለ ሕክምና ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ መንገር የግድ ነው።

ለንደን ለዚህ ሕመም ሕክምና ደህና ከተማ ናት። ሺላ ሸርሎክ በ1959 በሮያል ፍሪ ሆስፒታል የሕክምና ፕሮፌሰር ሆነው የጉበት ሕክምናን ራሱን የቻለ ዘርፍ ካደረጉት መካከል ናቸው፤ ሮጀር ዊሊያምስም በ1966 የኪንግስ ኮሌጅ ሆስፒታልን የጉበት ክፍል መሠረቱ። ዛሬ ክትትሉ ቀላል ነው። የጉበት ጠባሳ ሲለካ ታካሚው በጀርባው ተኝቶ ቀኝ እጁን ከራሱ ሥር ያደርጋል፤ ነርሷ ጄል ቀብታ በጎድን አጥንቶቹ መካከል መሣሪያውን ስታሳርፍ ቆዳ ላይ ጠቅ ጠቅ ይላል። አሥር ጊዜ ያህል ተለክቶ ጉበቱ ምን ያህል እንደደረቀ በኪሎፓስካል ይወጣል። መርፌ የለም፣ ሕመም የለም። ሲሮሲስ ያለበት ደግሞ በየ6 ወሩ አልትራሳውንድ ይነሳል፤ ካንሰር ቢነሳ ገና በትንሽነቱ እንዲያዝ።

ክኒን የሚያስፈልገው ቴኖፎቪር ወይም ኤንቴካቪር ይጀምራል። ቫይረሱን ነቅለው አያወጡትም፣ ግን ያስተኙታል፤ ጉበትም ያገግማል። ኤንቴካቪር በባዶ ሆድ ስለሚወሰድ የጾም ሰዓት ያለው ሰው ከሐኪሙ ጋር ሰዓቱን መነጋገር አለበት። ጸበል ቦታ ሲሄዱ ክኒኑን ድንገት መተው ግን ቫይረሱ አገርሽቶ ጉበትን እንዲያናጋ በር ይከፍታል። ጸበሉም ክኒኑም ይቻላል። ሕክምናው በስደት ጉዳይ ላይ ያለውን ጨምሮ ለሁሉም ነፃ ነው፤ ብዙዎች በሂሳብ ፍራቻ ሳይታከሙ ይቀራሉና ይህ ደጋግሞ ሊነገር ይገባል። ሄፓታይተስ ሲ በ8 ወይም በ12 ሳምንት ክኒን ከ100 ከ95 በላይ ታካሚዎችን ይለቃል።

ጓዳው ላይ ቆም እንበል። ከአገር ቤት የሚላክ በርበሬና ሽሮ እርጥበት ካገኘው ሻጋታ ያበቅላል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ሄፓታይተስ ቢ ባለበት ሰው ላይ የጉበት ካንሰርን አደጋ ያባብሳል። አዲስ አበባ ውስጥ በ1990ዎቹ ሽሮና የተፈጨ በርበሬ ተመርምሮ ይኸው መርዝ ተገኝቷል። ደረቅ ቦታ ማስቀመጥ፣ የሸተተውን መጣል ነው። አረቄውንና ጠጁን መተው ይሻላል። ጫት በብሪታንያ ከ2014 ጀምሮ የተከለከለ ሲሆን፣ ሐረር ላይ የተደረገ ጥናት ከጉበት ሕመም ጋር አያይዞታል። ቡና ግን ወዳጅ ነው፤ አዘውትረው የሚጠጡ ሰዎች ጉበታቸው ላይ ጠባሳም ካንሰርም አነስ ብሎ ይታያል።

ከሁሉ የሚከብደው ዝምታው ነው። አገር ቤት የጉበት ሕመም የሚታወቀው የወፍ በሽታ ተብሎ ዓይን ቢጫ ሲሆን ነው፤ ሥር የሰደደው ሄፓታይተስ ቢ ግን ለዓመታት ምልክት አያሳይም። ታማሚው ደግሞ መገለልን ፈርቶ ይደብቃል። ከአንድ መሶብ መብላት፣ መጎራረስ፣ መሳሳም አያስተላልፍም፤ የሚያስተላልፈው ደም፣ ግብረ ሥጋ፣ አብሮ መላጫ መጠቀም፣ ከሁሉ በላይ ወሊድ ነው። ነፍሰ ጡሮች እዚህ ይመረመራሉ፤ ቫይረሱ ያለባት እናት የወለደችው ሕፃን በተወለደ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተባል። ለባል፣ ለሚስት፣ ለእህትና ለወንድም መንገር ያስፈልጋል፤ ያልተያዘው 3 ክትባት ይወስዳል፣ የተያዘውም ክትትሉን በጊዜ ይጀምራል።