ጎማውን የለወጠ ማርሹን ለወጠ

ከባቱ (ዝዋይ) ተነሥቶ በቡልቡላ በኩል ወደ ሻሸመኔ የሚጓዝ ሰው፣ ላንጋኖን በስተግራው፣ አብያታን በስተቀኙ እየተወ ሲሄድ መንገዱ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንደሚነሣ ያስተውላል። የላንጋኖ ሐይቅ ከባሕር ወለል በላይ 1585 ሜትር ያህል ላይ ሲገኝ አርሲ ነገሌ ከተማ ግን ከ2000 ሜትር በላይ ናት። እንግዲህ መኪናው ነገሌ እስኪገባ ከ400 ሜትር በላይ ሽቅብ ይወጣል ማለት ነው። ዳገቱ የሚያስፈራ አይደለም፤ ነገር ግን ረጅም ነውና ጭነት የያዘውን ሁሉ ይፈትነዋል።

በዚህ ዳገት ላይ አንድ ዐይነት ሞተር ያላቸው፣ እኩል የጫኑ ሁለት አይሱዙዎች ሲወጡ አንደኛው በአራተኛ ማርሽ ሲዘልቅ ሁለተኛው ሦስተኛ አስገብቶ ጭስ እየተፋ ሊከተል ይችላል። የተሳፋሪው ፍርድ ወዲያው ነው፦ «ሞተሩ ደክሟል!» ይላል። ፍርዱ ትክክል የሚሆንበት ጊዜ አለ። ሆኖም ሞተሩ ምንም ሳይጎድለው ምክንያቱ ከታች፣ ከጎማው ላይ የሚገኝበትም ጊዜ አለ። ይህ እንዴት እንደሚሆን ለመረዳት የኢንጂኒየሪንግ ተማሪ መሆን አያስፈልግም፤ ማባዛትና ማካፈል ይበቃል።

የመኪና ሞተር በፍጥነት የሚዞር፣ ነገር ግን እንዳለ ከጎማ ጋር ቢያያዝ ጉልበቱ የማይበቃ መሣሪያ ነው። ስለዚህ ዙሩ በመጀመሪያ በካምቢዮ፣ ቀጥሎም በዲፈረንሻል ይቀነሳል፤ ዙሩ በቀነሰ መጠን የመጠምዘዝ ኀይሉ ይጨምራል። የአንድ መኪና ዲፈረንሻል 4.10 ነው ሲባል፣ ከካምቢዮ የሚመጣው ዘንግ 4.10 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል ማለት ነው። ብዙ ሰው የማርሹ ነገር እዚህ ላይ ያለቀ ይመስለዋል። ዳሩ ግን አንድ እርከን ይቀራል፤ እርሱም ጎማው ራሱ ነው። ጎማው አንድ ጊዜ ሲዞር መኪናው የሚሄደው የጎማውን ዙሪያ ያህል ነውና፣ የዙሪያው ርዝመት የመጨረሻው ማርሽ ሆኖ ይቆጠራል።

ምሳሌ እንውሰድ። በአንድ የቤት መኪና ጎማ ላይ 175/70 አር 13 የሚል ተጽፏል እንበል። 175 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር ነው። 70 የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ ከመቶ 70 እጅ መሆኑን ይነግረናል፤ ይኸውም 122.5 ሚሊ ሜትር ነው። 13 ደግሞ የቸርኬው ቁመት በኢንች ሲሆን ወደ 330 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የላዩንና የታቹን ጎን ከቸርኬው ጋር ብንደምር የጎማው ሙሉ ቁመት 575 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ባለቤቱ ይህን አውልቆ 185/70 አር 14 ቢያስገጥም፣ በዚያው ስሌት ቁመቱ 615 ሚሊ ሜትር ግድም ይሆናል። የፊተኛው ጎማ በአንድ ዙር 1 ሜትር ከ81 ሳንቲም ይሄድ የነበረውን አዲሱ 1 ሜትር ከ93 ይሄዳል፤ ልዩነቱ ከመቶ ሰባት እጅ ያህል ነው።

አሁን 4.10ን በ575 አባዝተን ለ615 ብናካፍል 3.83 ይሆናል። ባለቤቱ ዲፈረንሻሉን አስፈትቶ በ3.83 ቢያስለውጥና የቀድሞውን ጎማ ቢተው ኖሮ መኪናው ልክ አሁን እንደሚሄደው በሄደ ነበር። ከዲፈረንሻሉ አንድ ብሎን ሳይፈታ፣ ጎሚስታ ቤት ቆሞ ማርሹን ለወጠ ማለት ነው። ያውም አንዱን ማርሽ ብቻ ሳይሆን ከአንደኛ እስከ መጨረሻው ሁሉንም ነው።

ትልቅ ጎማ በአንድ ዙር ብዙ መንገድ ከሄደ ትርፍ አይደለም ወይ የሚል አይጠፋም። በሜዳ ላይ በእርግጥ ሞተሩ ለዚያው ፍጥነት ጥቂት ዝግ ብሎ ይዞራል። ነገር ግን በመንገድ የተገኘው በጉልበት ይከፈላል። አፈር የሞላ አካፋ ከብረቱ አጠገብ ይዞ ማንሣት ቀላል ነው፤ ከእጀታው ጫፍ ይዞ ለማንሣት የሞከረ ግን ክንዱ ይዝላል። አፈሩ ያው ነው፤ የራቀው ከእጅ ነው። መሬቱም ከጎማው መሐል በራቀ ቁጥር ያው የመጠምዘዝ ኀይል መሬቱን የሚገፋበት ጉልበት ይቀንሳል። በምሳሌያችን ከመቶ ስድስት እጅ በላይ ይቀንሳል። በሜዳ የማይታወቀው ይህ ጉድለት በነገሌ ዳገት ይታወቃል።

እዚህ ላይ የነገሌ ባለ ጋሪ ሊከራከረን ይችላል። «ጋሪ ጎማው ትልቅ ሲሆን ለፈረሱ ይቀለዋል እንጂ አይከብደውም» ቢለን እውነቱን ነው። ልዩነቱ ጉልበቱ ከሚያርፍበት ቦታ ይመጣል። ፈረሱ ጋሪውን ይጎትታል እንጂ ጎማውን አያዞርም። ጎማው የሚዞረው ጋሪው ስለ ተጎተተ ነው፤ ትልቅ ሲሆንም ጉድጓድና ድንጋይ በቀላሉ ይሻገራል። የመኪና ሞተር ግን የሚሠራው ከመሐል ሆኖ ጎማውን በማዞር ስለ ሆነ የጎማው ትልቅነት ሸክም ይሆንበታል። ያው ክብ ነገር ለተጎታች ረዳት፣ ለሚያዞረው ግን ዕዳ ነው።

የብስክሌት ታሪክም ይህንኑ ይመሰክራል። ከ1870ዎቹ ጀምሮ (በአውሮፓ አቆጣጠር) በእንግሊዝ አገር ይነዳ የነበረው ብስክሌት ፔዳሉ ከፊተኛው ጎማ ጋር የተያያዘ ስለ ነበር፣ እግር አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ይዞር ነበር። ፈጣን ብስክሌት የፈለገ ሁሉ ጎማውን ከማስረዘም በቀር ዘዴ አልነበረውም፤ ወሰኑም የነጂው እግር ርዝመት ነበር። በ1885 ጆን ኬምፕ ስታርሊ በሰንሰለት የሚነዳውን «ሮቨር» ካወጣ ወዲህ ትንሽ ጎማ በጥርስ ብዛት የትልቁን ሥራ ሠራ። እንግሊዞች እስከ ዛሬ የብስክሌትን ማርሽ በኢንች፣ ማለትም በዚያ በጥንቱ ትልቅ ጎማ ቁመት ይለኩታል።

ወደ ጭነት መኪናዎቻችን እንመለስ። 7.00-16 ጎማ የሚገባለት መኪና 7.50-16 ወይም 8.25-16 ሲደረግለት ማየት ይቻላል። ምክንያቱ የገባ ነው፤ ትልቁ ጎማ ብዙ ይሸከማል፤ መኪናውንም ከመሬት ከፍ ያደርገዋል። ነገር ግን ከ7.00 ወደ 8.25 ሲኬድ የጎማው ቁመት አንድ አሥረኛ ያህል ይጨምራል። ነጂው ዳገት ላይ ቶሎ ማርሽ ይቀንሳል፤ ከቆመበት ሲነሣም ፍሪሲዮኑን አብዝቶ ያሻል።

ከዚህ የሚብሰው ግን ቁልቁለቱ ነው። ብዙውን ጊዜ የፍጥነት መለኪያው ፍጥነቱን የሚያውቀው ከካምቢዮው የሚወጣውን ዘንግ ዙር ቆጥሮ ነው እንጂ መሬቱን አይቶ አይደለም። ጎማው መለወጡን የሚነግረው የለም። ፋብሪካዎች ለጥንቃቄ መለኪያው ጥቂት አብልጦ እንዲያሳይ ማድረጋቸው የታወቀ ነው፤ ትልቅ ጎማ ግን ይህን ጥንቃቄ በልቶ ያልፋል። በትክክል ይለካ የነበረ መለኪያ ጎማው በአንድ አሥረኛ ሲያድግ 80 ብሎ ሲያሳይ መኪናው በ88 ይበራል። ፍጥነቱ በአንድ አሥረኛ ሲጨምር ለማቆም መጥፋት ያለበት ኀይል ከመቶ 21 እጅ ይጨምራል። የፍሬኑም መያዝ በትልቁ ጎማ ምክንያት ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይቀንሳል፤ ሞተሩም በዚያው ማርሽ ሆኖ የሚይዘው እንዲሁ ይላላል። የፍጥነት መገደቢያ ቢኖረውም፣ መገደቢያው ፍጥነቱን ከዘንጉ ዙር የሚወስድ ከሆነ አብሮ ይታለላል። አውራ ጎዳናው ደግሞ እንደ ነገሌ ያሉትን የስምጥ ሸለቆ ከተሞች መሐል ለመሐል የሚያቋርጥ ነው፤ ጋሪው፣ ባጃጁ፣ ከብቱና ከትምህርት ቤት የሚመለሰው ልጅ ሁሉ በዚያው መንገድ ላይ ነው።

የሒሳብም ነገር አለበት። በምሳሌው የቤት መኪና ላይ ቆጣሪው 100 ኪሎ ሜትር ሲያሳይ በእውነቱ የተሄደው 107 ያህል ነው። ባለቤቱ በሊትር የሄደውን ሲያሰላ መኪናው ቤንዚን በላብኝ ብሎ ያማርራል፤ አሮጌ መኪና የሚገዛም ሰው ከሄደው ያነሰ ቁጥር ያነባል። ያለቀ ጎማ የዚህን ተቃራኒ ያደርጋል። ጥርሱ በ6 ሚሊ ሜትር ሲበላ ቁመቱ በ12 ሚሊ ሜትር ያንሳል፤ ይህም በ575ቱ ጎማ ላይ ከመቶ ሁለት እጅ ያህል ነው። ስለዚህ አዲስና ያለቀ ጎማ በአንድ አክሰል ላይ ማጣመር አይገባም፤ ዲፈረንሻሉ በቀጥታ መንገድም ሳይቀር ያለ ዕረፍት ይሠራልና።

ታዲያ ምን ይደረግ? በብዙ መኪና በር ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ የሚገባውን የጎማ ቁጥር ይናገራል። ከዚያ መውጣት ግድ ከሆነ የቁመቱ ልዩነት ከመቶ ሦስት እጅ እንዳይበልጥ ባለሙያዎች ይመክራሉ። መለኪያውን ለመፈተን ደግሞ የኪሎ ሜትር ምልክት ባለበት ሜዳ መንገድ ላይ በ60 ፍጥነት ሲነዳ ከምልክት እስከ ምልክት ልክ 60 ሴኮንድ መፍጀት አለበት፤ 55 ሴኮንድ ከፈጀ መኪናው የሚሄደው በ65 ነው። ይህን ደግሞ ከመካከላችን ለዕረፍት ወደ አገር ቤቱ የሚሳፈር ማንኛውም ተማሪ በስልኩ ሰዓት ተቀምጦ ሊያደርገው ይችላል። ልዩነት ካገኘ ለነጂው በትሕትና ይንገረው፤ ነጂው የሚያምነው በዐይኑ ፊት ያለውን መለኪያ ነውና ሌላ የሚነግረው የለም።