የአዕዋፍ ምርምር ጽሑፎች ተጠቃሽነትና ለአካባቢ ልማት ያላቸው ፋይዳ

አንድ የግሪሳ ወፍ ከ15 እስከ 20 ግራም ብቻ የሚመዝን ቢሆንም በቀን እስከ 10 ግራም የሚደርስ እህል እንደሚመገብ በዘርፉ የተካሄዱ ጥናቶች ያመለክታሉ። በዚህ ስሌት አንድ ሚሊዮን ወፎች ያሉበት መንጋ በአንድ ቀን 100 ኩንታል እህል ሊያጠፋ ይችላል። ማሽላ በስፋት ለሚመረትባቸው የሰሜን ወሎ ዞን ቆላማ አካባቢዎች በአዕዋፍ ላይ የሚካሄድ ምርምር የቅንጦት ጉዳይ አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ይሁን እንጂ ለምርምር በጀት ሲመደብ ወይም የመምህራን የማዕረግ ዕድገት ሲታይ በቅድሚያ የሚነሳው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ነው። ጽሑፉ በየትኛው መጽሔት ታተመ? ስንት ጊዜስ ተጠቀሰ? የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢነት አለው። ነገር ግን ቁጥሩ ከየት እንደሚመነጭና ምን እንደማያሳይ በውል ያልተረዳ የሥራ ኃላፊ ለተሳሳተ ውሳኔ ሊጋለጥ ይችላል።

ተጠቃሽነት ማለት አንድ የምርምር ጽሑፍ ከታተመ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በሥራዎቻቸው በምንጭነት የጠቀሱት የጊዜ ብዛት ነው። ይህን በተደራጀ መልኩ መቁጠር የተስፋፋው አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶች ማውጫን እ.ኤ.አ. በ1964 ለኅትመት ካበቁ ወዲህ ነው። ከዚሁ ሥራ የመነጨው “ኢምፓክት ፋክተር” የተሰኘው ልኬት የሚያገለግለው ለመጽሔት ነው። መጽሔቱ በሁለት ዓመታት ውስጥ 100 ጽሑፎችን አትሞ በሦስተኛው ዓመት ጽሑፎቹ 200 ጊዜ ቢጠቀሱ ልኬቱ 2 ይሆናል። የፊዚክስ ምሁሩ ሆርሄ ሂርሽ እ.ኤ.አ. በ2005 ያቀረቡት “ኤች ኢንዴክስ” በአንጻሩ ግለሰብ ተመራማሪን ይመለከታል። ልኬቱ 5 የሆነ ተመራማሪ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 5 ጊዜ የተጠቀሱ 5 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው።

እነዚህን ቁጥሮች ከሚያቀርቡት የመረጃ ቋቶች መካከል እ.ኤ.አ. በ2004 ሥራ የጀመረው “ስኮፐስ” በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች ዘንድ በስፋት ይታወቃል። ስያሜውም ከወፍ የተወሰደ ነው። በሳይንሳዊ አጠራሯ ስኮፐስ የምትባለው ወፍ ራሷ መዶሻ የሚመስል፣ በውኃ ዳር ዛፎች ላይ እጅግ ግዙፍ ጎጆ የምትሠራና በኢትዮጵያም የምትገኝ ቡናማ ወፍ ናት። በምሥራቅ አፍሪካ እ.ኤ.አ. ከ1977 ጀምሮ የሚታተመው የአዕዋፍ ጥናት መጽሔትም በዚሁ ስም ይጠራል። በመሆኑም “በስኮፐስ የወጣ” የሚል ማስረጃ ሲቀርብ መጽሔቱን ወይስ የመረጃ ቋቱን እንደሚያመለክት መለየት ያስፈልጋል።

በአዕዋፍ ሳይንስ ረገድ ልኬቱን ሲያነቡ ሁለት ነጥቦችን ማጤን ይገባል። የመጀመሪያው በሙያ መስኮች መካከል ያለው ልዩነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1859 የተመሠረተውን የእንግሊዙን “አይቢስ” ጨምሮ የታወቁት የአዕዋፍ ጥናት መጽሔቶች ኢምፓክት ፋክተር ብዙውን ጊዜ ከ3 አይበልጥም። ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች ግን በብዙ አሥሮች የሚቆጠር ልኬት አላቸው። ስለዚህ የአዕዋፍ ተመራማሪን ከሕክምና ተመራማሪ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ ፍትሐዊ አይሆንም። ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው። የአዕዋፍ ጥናት ቶሎ አያረጅም። ከ10 ዓመታት በላይ ያስቆጠሩ ጽሑፎች ዛሬም በብዛት ስለሚጠቀሱ በሁለት ዓመት የሚወሰን ስሌት ለዘርፉ ጠባብ ነው።

የኢትዮጵያ የአዕዋፍ ምርምር ታሪክም ይህንኑ ያረጋግጣል። በአገሪቱ ከ850 በላይ የአዕዋፍ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል መንቁረ ወፍራሙን ቁራና አንገተ ነጯን የደጋ እርግብ ጨምሮ በርካታ ዝርያዎችን ለሳይንሱ ዓለም አስተዋውቋል። እርሱ ያወጣቸው ሳይንሳዊ ስሞች እስከ ዛሬ ይሠራባቸዋል። ኤሚል ኧርባንና ሌስሊ ብራውን ያዘጋጁት የኢትዮጵያ አዕዋፍ ዝርዝር እ.ኤ.አ. በ1971 በወቅቱ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ታትሟል። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ደግሞ ለአዕዋፍ ጥበቃ ጠቃሚ የሆኑ 69 ሥፍራዎችን የያዘ መጽሐፍ እ.ኤ.አ. በ1996 አሳትሟል። ኢምፓክት ፋክተር የሚሰላው ለመጽሔቶች በመሆኑ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በልኬቱ አይካተቱም። ሆኖም በኋላ ለተካሄዱት የአዕዋፍ ጥበቃ ሥራዎች መሠረት ሆነዋል።

ባለፉት አሥርት ዓመታት የምርምሩ ትኩረት አዳዲስ ዝርያዎችን ከመሰብሰብና ከመመዝገብ ወደ ጥበቃ፣ ወደ አየር ንብረት ለውጥና በሳተላይት ወደሚካሄድ ክትትል ተሸጋግሯል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመና ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችም የተሳተፉበት ጥናት በሊበን ሜዳ የምትገኘው የሊበን ላርክ በግጦሽ መሬት መራቆት ሳቢያ በዋናው የአፍሪካ ምድር ለመጥፋቷ መረጃ የሚገኝላት የመጀመሪያዋ የወፍ ዝርያ ልትሆን እንደምትችል አስጠንቅቋል። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ኅብረተሰብ የሚጠበቁ የሣር ክልሎች ተቋቁመዋል። ከሰሜን ወሎ በስተምሥራቅ በሚያዋስነው የአፋር ክልል የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ሌላ ጥናትም በዓለም አቀፍ ደረጃ የመጥፋት አደጋ የተጋረጠበት የግብፅ ጥንብ አንሳ የክረምቱን ብርድ ሸሽቶ በብዛት የሚሰበሰብበት ሥፍራ መሆኑን አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች በውጭ ተመራማሪዎች ዘንድ የተጠቀሱት ጉዳያቸው ድንበር ተሻጋሪ ስለሆነ ነው።

በመጀመሪያ ወደተነሳው ግሪሳ ስንመለስ ግን የአንድ ጽሑፍ ጠቀሜታ ከተጠቃሽነቱ የተለየ መንገድ ሊኖረው እንደሚችል ይታያል። በኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ1986 በ“አይቢስ” የታተመ ጥናት የግሪሳ ወፍ በአንድ ሥፍራ ጫጩቶቹን ካሳደገ በኋላ ወደ ሌላ ሥፍራ ተጉዞ በዚያው ወቅት ዳግም እንደሚራባ የሚያመለክት ማስረጃ አቅርቧል። ይህም አንድ ወረዳ ለብቻው የሚያካሂደው የመከላከል ሥራ ዘላቂ ውጤት እንደማያመጣ፣ ይልቁንም የመንጋውን ማደሪያና መራቢያ አስቀድሞ ማሰስና ከአጎራባች ወረዳዎችና ክልሎች ጋር መረጃ መለዋወጥ እንደሚያስፈልግ ያስገነዝባል። ግኝቱን ሥራ ላይ የሚያውለው የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ጽሑፍ አሳታሚ ባለመሆኑ የእርሱ ተጠቃሚነት በየትኛውም የጥቅስ ቆጠራ ውስጥ አይገባም።

በሐብሩ ወረዳ የሚገኘው የሲሪንቃ የግብርና ምርምር ማዕከል ሥራ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ አለ። ማሽላ ከማዕከሉ ዋና ዋና የምርምር ሰብሎች አንዱ ነው። ታኒን የተባለው ንጥረ ነገር በብዛት ያለበት ጥቁር ቀይ ማሽላ በወፍ የመጠቃት ዕድሉ አነስተኛ ሲሆን፣ ለእንጀራ የሚመረጠው ነጭ ማሽላ ግን ይበልጥ ይጠቃል። ከሌላው ቀድሞ የሚደርስ ዝርያም ድርቅን ለማምለጥ የሚረዳውን ያህል በዙሪያው ሌላ እሸት በሌለበት ወቅት የወፎችን መንጋ ይስባል። በመሆኑም የዝርያ ማሻሻያ ምርምርና የአዕዋፍ ምርምር ተነጣጥለው ሲካሄዱ ኪሳራው የሚያርፈው ማማ ላይ ወጥቶ በወንጭፍ ሰብሉን በሚጠብቀው አርሶ አደርና ከትምህርት ገበታቸው በሚቀሩ ልጆቹ ላይ ነው።

ጥናቶቹ ለሚመለከታቸው አካላት እንዲደርሱ የተደራሽነት ችግር መፈታት ይኖርበታል። ብዙዎቹ ዓለም አቀፍ መጽሔቶች የሚነበቡት በክፍያ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመረው “አጎራ” የተሰኘው ፕሮግራም የኢትዮጵያ ተቋማት የግብርና መጽሔቶችን ያለክፍያ እንዲያነቡ ያስቻለ በመሆኑ ተቋማት መመዝገባቸውንና ባለሙያዎቻቸው መጠቀማቸውን ማረጋገጥ ይጠበቅባቸዋል። የቀድሞው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2019 ብሔራዊ ክፍት የምርምር ተደራሽነት ፖሊሲ አውጥቷል። ፖሊሲው በመንግሥት ገንዘብ በዩኒቨርሲቲዎች የተሠሩ የምርምር ጽሑፎች በብሔራዊው የዲጂታል ክምችት እንዲቀመጡ ያዛል።

የዚህ ድንጋጌ ፋይዳ በወልድያ በግልጽ የሚታይ ነው። በ2004 ዓ.ም ሥራውን የጀመረውና የግብርና ካምፓሱ በመርሳ የሚገኘው ወልድያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2021 በአካባቢው በተካሄደው ጦርነት ከፍተኛ ውድመት ደርሶበታል። ቤተ ሙከራና ኮምፒዩተር በበጀት ሊተኩ ይችላሉ። በአንድ የተወሰነ ዓመት በአንድ ጫካ ወይም ረግረግ የተመዘገበ የአዕዋፍ ቆጠራ ግን ዳግም ሊሠራ አይችልም፤ ያ ዓመት አልፏልና። የምርምር መረጃን በአንድ ሕንፃ ብቻ ከማስቀመጥ ይልቅ ቅጂውን በብሔራዊው ክምችት ማኖር እንደ ንብረት ጥበቃ ሊታይ ይገባል።

ሌላው ብዙም ትኩረት ያላገኘ ጉዳይ የኢትዮጵያውያን ስም አጠቃቀም ነው። ዓለም አቀፍ የመረጃ ቋቶች የመጨረሻውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስዳሉ። በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ በኢንፍራንዝና በይጋንዳ ረግረጎች ያሉትን አዕዋፍ አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተሙት ሽመልስ አይናለምና አፈወርቅ በቀለ በእነዚህ ቋቶች “አይናለም ሽ.” እና “በቀለ አ.” ተብለው ይመዘገባሉ። በአገር ውስጥ መጽሔቶች ግን ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም መጠራቱ የተለመደ ነው። በዚህ ሳቢያ የአንድ ሰው ሥራ ለሁለት ሊከፈልና የአባት ስማቸው የተመሳሰለ የተለያዩ ሰዎች ሥራዎችም እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው “ኦርኪድ” የተሰኘው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ያለክፍያ የሚሰጥ ሲሆን ለዚህ ችግር መፍትሔ ነው።

ተመራማሪዎችም ከበኩላቸው የሚጠበቅ ድርሻ አለ። በአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች የሚካሄዱ በርካታ የአዕዋፍ ጥናቶች የአንድን ሥፍራ የዝርያ ስብጥር፣ አንጻራዊ ብዛትና ሥርጭት በአንድ የበጋና በአንድ የዝናብ ወቅት መዝግበው የሚጠናቀቁ ናቸው። እነዚህ ጠቃሚ መነሻዎች ቢሆኑም ቆጠራው በዚያው ሥፍራ ካልተደገመ የአዕዋፉ ቁጥር መጨመሩን ወይም መቀነሱን ማወቅ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ1976 በአንኮበር የተገኘችው የአንኮበር ሰሪን የተባለች ወፍ ከዓመታት በኋላ በሰሜን ተራሮችም መታየቷ በሁለቱ መካከል በሚገኘው የወሎ ደጋ ተከታታይ ቅኝት ማካሄድ ምን ያህል ጠቃሚ እንደሆነ ያመለክታል። ለእንዲህ ዓይነቱ የረጅም ጊዜ ሥራ በአቅራቢያው ካለ ተቋም የተሻለ ምቹ ሁኔታ ያለው አይኖርም።

በቁጥር ላይ ብቻ የተመሠረተ ግምገማ ሌላም ጉዳት አለው። የኅትመት ብዛት ብቻ ሲጠየቅ ገንዘብ ተቀብለው ያለበቂ የባለሙያ ግምገማ የሚያትሙ መጽሔቶች ገበያ ይደራል። በ2012 እ.ኤ.አ. በሳንፍራንሲስኮ የተዘጋጀው የምርምር ምዘና መግለጫም የመጽሔትን ኢምፓክት ፋክተር ለግለሰብ ተመራማሪ ምዘና መጠቀም እንደማይገባ አሳስቧል።

በአጠቃላይ ተጠቃሽነት አንድ ጥናት በሌሎች ተመራማሪዎች ዘንድ መድረሱን የሚያሳይ ጠቃሚ ምልክት ነው። ይሁንና ውሳኔ ሰጪ አካላት ከቁጥሩ ጎን ለጎን ሌሎች ጥያቄዎችንም ሊያነሱ ይገባል። ጽሑፉ በባለሙያዎች ተገምግሟል? መረጃው በብሔራዊው ክምችት ተቀምጧል? ቆጠራው ሊደገም በሚችል መልኩ ተመዝግቧል? ግኝቱ ለወረዳው የግብርና ጽሕፈት ቤት በሚገባው ቋንቋ ደርሷል? ለእነዚህ ጥያቄዎች አዎንታዊ ምላሽ ያለው ጥናት በውጭ አገር ጥቂት ጊዜ ብቻ ቢጠቀስም የተመደበለትን በጀት ለሕዝብ ጥቅም አውሏል ማለት ይቻላል።