የግራው ቫልቭ

በቡሬ ወይም በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ለፋሲካ በግ የሚያርድ ሰው የገዛ ልቡ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ቢፈልግ ሩቅ መሄድ የለበትም። የበግ ልብ አነስ ይላል እንጂ አሠራሩ ከሰው ልብ ጋር አንድ ነው፤ ክፍሎቹ አራት፣ ቫልቮቹም አራት ናቸው። ድስት ከመግባቱ በፊት ጥቂት ደቂቃ ቢሰጡት ይበቃል።

መጀመሪያ በጣት መዳሰስ ነው። የቀኙ ግድግዳ ስስ ስለሆነ ሲጫኑት ይተኛል፤ የግራው ግን ወፍራምና ጠንካራ ነው። ቀኙ ደም የሚገፋው እዚያው አጠገቡ ወዳለው ሳንባ ሲሆን፣ ግራው ከአናት እስከ እግር ጣት ማድረስ አለበት።

የደሙም ጉዞ እንዲህ ነው። ኦክስጅኑን በየአካሉ አራግፎ የተመለሰ ደም ወደ ቀኙ የላይኛው ክፍል ይገባል፣ ወደ ታችኛው ይወርዳል፣ ከዚያ ወደ ሳንባ ይላካል። ኦክስጅን ይዞ ሲመለስ በግራው የላይኛው ክፍል ገብቶ ወደ ታችኛው ያልፋል፤ ከዚያም አኦርታ በሚባለው ትልቁ ደም ቅዳ መላ አካልን ያዳርሳል። ቀኝና ግራን የሚለየው ግድግዳ ቀዳዳ የለውም። የጥንቱ ሐኪም ጋለን ግን ደም በዚያ ግድግዳ ሾልኮ ያልፋል ብሎ ነበርና ከ1000 ዓመት በላይ ታመነ። ደሙ የሚዞረው በሳንባ በኩል ነው ብሎ በ13ኛው መቶ ዘመን የጻፈው የደማስቆው ኢብን አል ናፊስ ነው፤ ሙሉውን ዑደት ደግሞ እንግሊዛዊው ዊሊያም ሃርቪ በ1628 እ.ኤ.አ. በመጽሐፍ አወጣው።

ልቡ ሳይሰነጠቅ በአኦርታው አፍ ውኃ ቢያፈሱበት ወደ ውስጥ አይወርድም፤ ሦስት ስስ ክዳኖች ተገጣጥመው ያግዱታል። ከክዳኖቹ ከፍ ብሎ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። ልብ ራሱ የሚመገበው በእነሱ በኩል ነው፤ የአዋቂ ሰው ልብ በየደቂቃው አምስት ሊትር ያህል ደም ቢያሳልፍም፣ ወፍራሙ ሥጋው በውስጡ ከሚያልፈው ደም አይጠግብም።

አሁን ግራውን ጎን መሰንጠቅ ይቻላል። በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ሁለት ክዳን ያለው ቫልቭ ይታያል፤ ክዳኖቹን ከታች ነጫጭ ጅማቶች ወጥረው ይዘዋቸዋል። በአንድ ወገን ብቻ እንደሚከፈት በር ነው። ሐኪሞች ሚትራል ይሉታል። በማዳመጫቸው የሚሰሙት የልብ ምትም ቫልቮች ሲዘጉ የሚወጣው ድምፅ ነው።

በአገራችን ልጆችን የሚጎዳው አንዱ ከባድ የልብ ሕመም ከሁሉ አብልጦ የሚያጠቃው ይህንኑ የግራ ቫልቭ ነው፤ መነሻውም ጉሮሮ ነው። በ5 እና በ15 ዓመት መካከል ያለ ልጅ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ጀርም ጉሮሮውን ያቆስለዋል። ቁስሉ ይድናል። ከሁለት ሦስት ሳምንት በኋላ ግን ትኩሳት ይመጣል፣ ጉልበቱ ያብጣል፣ ሕመሙ ወደ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። ሰውነት ጀርሙን ለመውጋት የተነሣበት ኃይል በስሕተት ቫልቩን ይወጋል። በሽታው በተደጋገመ ቁጥር ክዳኖቹ እየደደሩ ይጣበቃሉ፤ ደም በሳንባ እየተጠራቀመ በሽተኛው ዳገት ያቅተዋል፣ ተንጋሎ መተኛት ያቅተዋል። ሳይታወቅ የቆየ ከሆነ ሴት ልጅ ላይ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ስታረግዝ ነው፤ በእርግዝና የደም መጠን በግማሽ ያህል ይጨምራልና የጠበበው ቫልቭ አይችለውም።

የተበላሸ ቫልቭ የሚጠገነው ብዙ ጊዜ በቀዶ ሕክምና ነው። ዶክተር በላይ አበጋዝ ያቋቋሙት የኢትዮጵያ የልብ ሕሙማን ሕፃናት መርጃ ማዕከል በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ ሥራ መጀመሩ ትልቅ ነገር ነው። ከምዕራብ ጎጃም ግን አዲስ አበባ ሩቅ ነው፣ ወረፋውም ረጅም ነው። መከላከያው ግን ርካሽ ነው፤ ፔኒሲሊን።

በገጠራችን ጉሮሮው የታመመ ልጅ እንጥሉን እንዲቆረጥ መውሰድ አልቀረም። እንጥል መቁረጥ ጀርሙን አይነካውም፤ ደም መፍሰስንና ሌላ ቁስልን ይጨምራል እንጂ።

ስለዚህ ወላጆች፣ ልጃችሁ ሳል ሳይኖረው ጉሮሮውን ካመመውና ካተኮሰው ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሕመሙ በጀመረ በ9 ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን ከጀመረ ልቡ ይተርፋል። ቫልቩ ተነክቷል የተባለ ልጅ ደግሞ በየ3 ወይም በየ4 ሳምንቱ የሚወጋውን መርፌ፣ ደኅና መስሎ ቢታያችሁም፣ ሐኪሙ በቃ እስኪል አታቋርጡበት።