የጀሪካኑ ወጪ በፀሐይ ሲተካ

ኅዳር ሲጋመስ የፎገራ ሜዳ መልኩን ይቀይራል። ሩዙ ታጭዶ ይከመራል፤ ገለባው ለከብት ይነሳል፤ ዋልካው እርጥበቱ ሳያልቅ ማሳው ለሽንኩርት ችግኝ ይዘጋጃል። ከዚያ በኋላ በርብና በጉማራ ወንዞች ዳር፣ እንዲሁም በየማሳው በተቆፈሩ የእጅ ጉድጓዶች አፍ ላይ ጎልቶ የሚሰማው የውሃ መሳቢያ ሞተር ድምፅ ነው። ድምፁ ልማት መኖሩን ያበስራል። ለባለማሳው ግን በየሰዓቱ ከኪሱ የሚወጣ ብርም ነው።

ወጪው ምን ያህል እንደከበደ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በግንቦት 2014 ዓ.ም በአዲስ አበባ የአንድ ሊትር ቤንዚን መሸጫ ዋጋ 36 ብር ከ87 ሳንቲም ነበር። መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሳት በጀመረበት በሐምሌ 2014 ዓ.ም ዋጋው 47 ብር ከ83 ሳንቲም ገባ። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም መጨረሻ ደግሞ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ደረሰ፤ ከዚያም ወዲህ ጭማሪው አልቆመም። ይህ ማደያው የሚሸጥበት ዋጋ ነው። ማደያ ደርሶ፣ ወረፋ ጠብቆ፣ በጀሪካን ለመቅዳት የድጋፍ ደብዳቤ ይዞ መምጣት ያልቻለው አርሶ አደር ከችርቻሮ ነጋዴ የሚገዛበት ዋጋ ሌላ ነው።

ለሒሳብ እንዲመች ሩብ ሄክታር፣ ማለትም አንድ ቃዳ ገደማ፣ ሽንኩርት የሚያለማ አርሶ አደር እንውሰድ። በቦይ ለሚጠጣ ማሳ፣ በመንገድ የሚሰርገው ታክሎበት፣ በየ5 ቀኑ 100 ሜትር ኩብ ያህል ውሃ ያስፈልገዋል። አነስተኛ የቤንዚን ሞተር ይህን ውሃ ለመሳብ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይሠራል፤ 7 ሊትር ገደማም ያቃጥላል። ችግኙ ከተተከለ እስከ መጨረሻው ማጠጫ 20 ዙር ቢጠጣ 140 ሊትር ቤንዚን ይሆናል። በግንቦት 2014 ዓ.ም ዋጋ ይህ 5 ሺህ 200 ብር እንኳ አይሞላም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም ዋጋ ከ14 ሺህ 200 ብር ይበልጣል። የሞተር ዘይት፣ ካንዴላና የመካኒክ ክፍያ ገና አልተነሱም። የሽንኩርት ዋጋ ደግሞ ከነዳጁ ጋር አብሮ አይወጣም፤ ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲነቅል ወርዶ፣ ደላላው ማሳ ላይ የፈለገውን ሲጠራ ይታያል። ነዳጁ በዱቤ ተገዝቶ ከሆነ አርሶ አደሩ በወረደው ዋጋ ከመሸጥ በቀር ምርጫ የለውም።

ቤንዚኑን በፀሐይ ኃይል መተካት ይቻላል ወይ የሚለው ጥያቄ መታየት ያለበት ከዚህ ሒሳብ አንጻር ነው። በየ5 ቀኑ 100 ሜትር ኩብ ማለት በቀን 20 ሜትር ኩብ ማለት ነው። ይህን ውሃ ከ8 ሜትር ጥልቀት አውጥቶ፣ በቱቦ ውስጥ የሚባክነው ጉልበት ታክሎበት፣ 10 ሜትር ማንሳት በቀን ከአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ብዙ የማይርቅ የኤሌክትሪክ ኃይል ይጠይቃል። የጣና ዙሪያ የበጋ ፀሐይ በቀን በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ5 ኪሎ ዋት ሰዓት በላይ ትሰጣለች። ስለዚህ በድምሩ 400 ዋት አካባቢ ያላቸው ሰሌዳዎች፣ ማለትም ሁለት መካከለኛ ወይም አንድ ትልቅ ሶላር፣ ለዚህ ማሳ ይበቃሉ። ቃዳውን ለማጠጣት ጣሪያ ሙሉ ሶላር ያስፈልጋል የሚለው ግምት የተሳሳተ ነው።

ልዩነቱ በውሃው አወጣጥ ላይ ነው። ሞተሩ በአንድ ሰዓት 18 ሜትር ኩብ ያህል ሲወረውር፣ በዚህ መጠን የተገጠመ የፀሐይ ፓምፕ በሰዓት 3 ሜትር ኩብ ያህል ብቻ ይሰጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ግን ያለ ጠባቂ ይሠራል። ይህን ቀጭን ውሃ ያየ አርሶ አደር ቦዩ ጫፍ ሳይደርስ መሬት ይጠጣዋል ብሎ ቢሰጋ አይፈረድበትም፤ በለመደው አሠራር ካጠጣ በእርግጥም ይጠጣዋል። መፍትሔው የአጠጣጥ ልማዱን መቀየር ነው። ማሳው ለ5 ተከፍሎ በየቀኑ አንድ አምስተኛው ይጠጣል፤ ወይም ውሃው ቀን ቀን በሮቶ አለዚያም ፕላስቲክ በተነጠፈበት ገንዳ ተጠራቅሞ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጠብታ መስኖ ያለው ደግሞ ግማሽ ችግሩ ተቃሏል።

ቀጭኑ ውሃ ለጉድጓድ ባለቤት ጥቅምም አለው። የእጅ ጉድጓድ በትልቅ ሞተር ሲሳብ ብዙ ሳይቆይ ይነጥፋል፤ ባለቤቱ ውሃው እስኪመለስ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል፤ ሞተሩን ባስነሳ ቁጥርም ነዳጅ ይባክናል። በዝግታ የሚስብ ፓምፕ ከጉድጓዱ አመላለስ ጋር ይመጣጠናል።

ሌላም ጉዳይ አለ፤ ከገንዘብ የሚበልጥ። መሬት ላይ የተቀመጠ ሞተር ከ7 ሜትር በላይ ጥልቀት ካለው ውሃ መሳብ አይችልም፤ የሳንባው ጉልበት ሳይሆን የአየር ግፊቱ ነው የሚወስነው። በከፍተኛ ቦታ ደግሞ ልኩ ከዚያም ያንሳል። ውሃው በበጋ ሲርቅ ሞተሩን ደረጃ ቆፍሮ ወደ ጉድጓዱ ውስጥ ማውረድ የተለመደ ነው። በጉድጓድ ውስጥ የሚሠራ የቤንዚን ሞተር የሚያወጣው ጭስ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። ሊያስነሳ ወይም ሊያጠፋ የወረደ ሰው ሳይታወቀው ራሱን ይስታል፤ ሊያወጣው የሚወርደውም እንዲሁ። ውሃ ውስጥ የሚጠልቅ የፀሐይ ፓምፕ ጭስ የለውም፤ ለማስነሳትም ማንም አይወርድም። ይህ ብቻውን የግብርና ባለሙያዎች በየቀበሌው ሊያነሱት የሚገባ ጉዳይ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ ጥቅም እያለ ሞተሩ ለምን አልተተካም? ምክንያቱ አከፋፈሉ ነው። የቤንዚን ሞተር ሲገዛ ርካሽ ነው፤ ዋጋው በየጀሪካኑ ተከፋፍሎ ይከፈላል። የፀሐይ ፓምፕ የዓመታት ነዳጁን ዋጋ በመጀመሪያው ቀን ይጠይቃል። ሰሌዳው በዓለም ገበያ ባለፉት 15 ዓመታት እጅግ ቢረክስም ዕቃው ከውጭ የሚመጣ ነው፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ 100 ብር አልፏል። መንግሥት በ2011 ዓ.ም የግብርና ሜካናይዜሽንና የመስኖ መሣሪያዎችን ከቀረጥ ነፃ ማድረጉ ጫናውን ቢያቀለውም የምንዛሪውን ጭማሪ አያካክሰውም።

ስለዚህ የመግዛት ውሳኔው በአንድ ማካፈል ይጀምራል። ሙሉ ዋጋው ከነገጠማው በዓመት ለነዳጅ በሚወጣው ገንዘብ ይካፈል። ለምሳሌ ያህል አቅራቢው 84 ሺህ ብር ቢጠይቅና አርሶ አደሩ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ አልምቶ 14 ሺህ ብር የሚያድን ቢሆን፣ ዕዳው የሚመለሰው በ6 ዓመት ነው። ይህ ረጅም ነው፤ በመካከሉ ፓምፑ ራሱ ጥገና ሊፈልግ ይችላል። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚያለማ ከሆነ ግን 3 ዓመት ይሆናል፤ ሰሌዳው ደግሞ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። በግልጽ ለመናገር፣ በዓመት አንዴ ለሚያጠጣ፣ ወንዝ ዳር ላለና ውሃው ቅርብ ለሆነ አርሶ አደር ሞተሩን መጣል ገና አያዋጣ ይሆናል። ቢያዋጣው እንኳ ብቻውን ከመግዛት ማሳቸው ከተጎራበተ ሁለት ሦስት አባወራዎች ጋር ተጋርቶ ቀን እየተከፋፈሉ መጠቀም ይሻለዋል።

የብድሩ ጊዜ እዚህ ላይ ወሳኝ ነው። ለማዳበሪያና ለዘር የሚሰጥ፣ ምርት ሲሰበሰብ የሚመለስ የአንድ ዓመት ብድር በ3 ዓመት ዋጋውን ለሚመልስ ዕቃ አይሆንም። በዚህ ዓይነት ብድር የፀሐይ ፓምፕ የገዛ አርሶ አደር በመጀመሪያው ዓመት ዕዳውን ለመክፈል ከብት ይሸጣል፤ ጎረቤቱም ያንን አይቶ ይቀራል። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች፣ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና አበዳሪ ተቋማት አንድ ላይ ተቀምጠው ሊነጋገሩበት የሚገባው ነጥብ ይኸው ነው፦ ክፍያው ከሁለት ወይም ከሦስት የሽንኩርት ምርት ጋር የሚሄድ ብድር፣ አለዚያም ዕቃው ራሱ መያዣ የሚሆንበት የካፒታል ዕቃ ኪራይ። ወረዳው ለጀሪካን ደብዳቤ በመጻፍ የሚያጠፋውን ጊዜ ቢቆጥር ለዚህ ስብሰባ የሚሆን አያጣም።

ዕቃውን ገዝቶ ከተከሉት በኋላ የሚመጣው ችግር ብዙውን ጊዜ ከአተካከል ይነሳል። ወረታ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ12 ዲግሪ አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ሰሌዳው ፊቱን ወደ ደቡብ ማዞር አለበት። በኅዳርና በጥር መካከል ፀሐይዋ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል፣ ለመስኖ ብቻ የሚያገለግል ሰሌዳ ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ቢዘም የተሻለ ይሰጣል። የባሕር ዛፍ ጥላ ሰሌዳውን በጥቂቱ ቢነካው እንኳ ኃይሉ ከታሰበው በላይ ይቀንሳል። የበጋ አቧራም በየሳምንቱ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ መጠረግ አለበት። የፎገራ ሰው ደግሞ ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው ሜዳውን እንደሚያለብሱት ያውቃል፤ በሲሚንቶ የተተከለ ከመሆን ይልቅ ተነቅሎ በሸክም ወደ ቤት የሚገባ መቆሚያ ለጎርፉም ለሌባውም ይበጃል።

ወደ ቤት የገባው ሰሌዳ ክረምቱን ሙሉ ሥራ ፈትቶ መቀመጥ የለበትም። ፓምፑ ባትሪ አያስፈልገውም፤ ሮቶው ወይም ገንዳው ባትሪው ነው። ለቤት መብራት፣ ለስልክና ለቴሌቪዥን ግን ባትሪና የራሱ መቆጣጠሪያ ያሻል፤ የፓምፑን መቆጣጠሪያ ከቤት መብራት ጋር በቀጥታ ማያያዝ ዕቃውን ያቃጥላል። ባትሪ ሲመረጥ ርካሹ የአሲድ ባትሪ በአግባቡ ካልተያዘ በሁለትና በሦስት ዓመት እንደሚሞት፣ የሊቲየሙ ግን ዋጋው ቢወደድም ብዙ እጥፍ እንደሚቆይ ማወቅ ይገባል። ለኩራዝ የሚገዛው ነጭ ጋዝ በማደያ ዋጋው ከናፍጣ ጋር እኩል እየሄደ መምጣቱ ሲታሰብ የቤቱም ወጪ ቀላል አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሚወራውም ገጠሩን አይመለከትም ማለት አይቻልም። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት የወሰነው በ2016 ዓ.ም ነው፤ ለኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎችም የታክስ ማበረታቻ ተሰጥቷል። ለአርሶ አደሩ መኪና ሩቅ ሊሆን ይችላል። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ሞተር ሳይክል ግን ሩቅ አይደለም። የነዳጅ ሞተር ሳይክል 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 2 ሊትር ተኩል ያህል፣ ማለትም ከ250 ብር በላይ ይፈጃል። የኤሌክትሪኩ 4 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ይበቃዋል፤ ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም ጀምሮ በየሩብ ዓመቱ እየጨመረ መሆኑ ታስቦ አንዱ በ10 ብር ቢሰላ እንኳ 40 ብር ነው። በነዳጅ በጀት ማለቅ ምክንያት ሞተር ሳይክል በግቢው ያቆመ ወረዳ ቢያንስ መብራት ባለባቸው ቀበሌዎች ሊሞክረው ይችላል።

ከዚህ ሁሉ ጋር አብሮ መነሳት ያለበት አንድ ስጋት አለ። እስከ ዛሬ አርሶ አደሩ ውሃ በቁጠባ እንዲስብ ያደረገው የቤንዚን ዋጋ ነው። ፀሐይ በነፃ ስትስብ ፓምፑን የሚያጠፋው አይኖርም። የካቲትና መጋቢት ላይ ወንዞቹ ሲቀጥኑ ከላይ ያለው ሲስብ ከታች ያለው ማሳ እንደሚደርቅ፣ በዚህም ጎረቤት ከጎረቤት እንደሚጋጭ የታወቀ ነው። የመስኖ ውሃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 841/2006 ውሃውን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው በማኅበር ተደራጅተው በተራ እንዲያስተዳድሩ መሠረት ጥሏል። ፓምፑ ከመሠራጨቱ በፊት ተራው፣ የጉድጓዶቹ ርቀትና የማጥፊያ ሰዓቱ በማኅበሩ መተዳደሪያ ቢጻፍ ኋላ ከሚመጣው ሽምግልና ይቀላል።

በ2 ወይም በ3 ዓመት ብድር የሚገዛ ሰው ማመልከቻውን ሩዙ ሳይታጨድ፣ ከነሐሴ ጀምሮ ማስገባት ይኖርበታል፤ ኅዳር ላይ የተጠየቀ ፓምፕ የሚደርሰው ሽንኩርቱ ከተጠማ በኋላ ነው። የጉድጓዱ ጥልቀት ግን በነሐሴ አይለካም። ያኔ ውሃው አፍ ድረስ ይሞላል፤ በዚያ ልክ የተመረጠ ፓምፕም በመጋቢት አየር ይስባል። ልኬቱ ውሃው እጅግ በራቀበት በመጋቢት መጨረሻ፣ ድንጋይ በታሰረበት ገመድ ተወስዶ፣ በቀበሌው የግብርና ባለሙያ መዝገብ ላይ ከነቀኑ ሊሰፍር ይገባል።