በብሩ ላይ ያሉት ትንንሽ ፊደላት የማን ናቸው?

ዴንቨር አየር ማረፊያ እናትዎን ሊቀበሉ ቆመዋል እንበል። ለቡና ከፍለው የተመለሰልዎትን ባለ 25 ሳንቲም እስቲ ያገላብጡት። በዋሽንግተን ምስል በኩል «ዲ» የምትባል ትንሽ የላቲን ፊደል ካለች፣ ሳንቲሙ የዚሁ አገር ልጅ ነው። የተመታው ከአየር ማረፊያው በባቡር 37 ደቂቃ በሚያስኬደው በመሐል ዴንቨር ነው። ማምረቻው ሳንቲም መምታት የጀመረው በ1906 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)።

ፊደሏ ምን ትሠራለች? ክብደቱ ወይም የብረቱ ጥራት ቢጎድል፣ የትኛው ማምረቻ እንደሚጠየቅ ትነግራለች።

ዘዴው የቆየ ነው። በጥንታዊት ግሪክ፣ በአቴና ገበያ፣ ብር የሚፈትን የከተማው ባሪያ ይቀመጥ ነበር። ውስጡ ነሐስ ወይም እርሳስ የሆነ ሳንቲም ሲያገኝ ይቆርጠዋል። ባሪያው ከቦታው ከጠፋ ቅጣቱ 50 ግርፋት ነው። ይህን የሚያዝዘው ሕግ የወጣው በ375 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ገደማ ነው። ከ200 ዓመት በኋላ ደግሞ ከተማዋ ቴትራድራክም በተባለው ገንዘቧ ላይ (17 ግራም ገደማ የሚመዝን ባለ አራት ድራክማ ብር ነው) የሹማምንቱን ስም ታትም ጀመር። የተመታበት ወር እንኳ በፊደል ይገባበት ነበር።

የእኛስ ጠገራ ብር? በላዩ ካለችው ከእቴጌ ማርያ ቴሬዛ ደረት ሥር «ኤስ» እና «ኤፍ» አሉ። የፊደላቱ ባለቤቶች ሾብል እና ፋቢ የተባሉ፣ በጉንዝቡርግ ከተማ የብር መምቻው ኃላፊዎች የነበሩ ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ከሞቱ በኋላ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ የተመታውም ፊደላቸውን እንደያዘ ቀረ። 1780 የሚለው ዓመትም አልተለወጠም። ተቀባዩ የለመደውን መልክ ካላየ አይወስድምና! አያቶቻችን የእቴጌይቱን ጌጥ ዕንቁ ሳይቀር ይቆጥሩ ነበር።

ዛሬ ስንት ያወጣል? ጠገራው 28 ግራም ይመዝናል፤ ንጹሕ ብሩ 23 ግራም ከግማሽ ያህል ነው። ብር በዓለም ገበያ የሚሸጠው በወቄት ሲሆን፣ ይህ ወቄት 31.1 ግራም ነው። ስለዚህ የዕለቱን ዋጋ በ0.75 ያባዙ። ወቄቱ 30 ዶላር ቢሆን፣ በጠገራው ውስጥ ያለው ብር 22 ዶላር ከ50 ሳንቲም ያህል ያወጣል።

በእጅዎ ያለው ባለ 25 ሳንቲም ግን ከ1965 ወዲህ ያለ ዓመት የተጻፈበት ከሆነ ብር የለበትም፤ መዳብና ኒኬል ነው።

ጠገራው ለአንገት ጌጥ ተበስቶ ከሆነ ሰብሳቢዎች ዋጋ ይቀንሱበታል። ለብሩ ብሎ የሚገዛው ግን መዝኖ ይከፍላል። እናትዎ ከአንገታቸው ለማውለቅ ይፈቅዱ እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቁ።