የተኛውንና የሞተውን መለየት፦ ከከባድ ብርድ በኋላ የጓሮ ገረዛ በሚኒሶታ

በሚኒሶታ ማርች ሲያልቅ በረዶው ተገፎ የሚታየው ጓሮ ዓይን አይስብም። ሣሩ በግራጫ ሻጋታ ተጣብቋል። ቁጥቋጦው በበረዶ ክብደት ተሰንጥቋል፤ የጥዱ አንድ ጎን ቡናማ ሆኗል፤ የፖም ዛፉ ግርጌ በጥንቸል ጥርስ ተልጧል። ወራቱን ቤት ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሰው በመጀመሪያዋ ፀሐያማ ቅዳሜ መቀስና መጋዝ ይዞ ቢወጣ አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ የጸደይ ጽዳትና ገረዛ ከጉልበት ይልቅ ዓይንን የሚጠይቅ ሙያ ነው። ቅርንጫፍ ከመቆረጡ በፊት ሦስት ጥያቄዎች ይቀድማሉ፦ ሞቷል ወይስ ተኝቷል? አበባው የሚወጣው በአምናው እንጨት ላይ ነው ወይስ በዘንድሮው? ዛፉ ቁስሉን በየት በኩል ይዘጋዋል? እነዚህን የመለሰ ሰው ሥራው ይቀልለታል፤ ብዙውንም ጊዜ ለመቁረጥ ካሰበው ግማሹን ይተወዋል።

ብርዱ ምን አደረገ?

የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሪቱን እንደ ብርዷ መጠን በ13 ቀጠናዎች የሚከፍል የተክል ካርታ አለው። በ2023 በታደሰው ካርታ ሚኒያፖሊስ 5ኤ በሚባለው ቀጠና ውስጥ ናት። ይህም ማለት በዓመቱ እጅግ ቀዝቃዛዋ ሌሊት በአማካይ ከዜሮ በታች ከ26 እስከ 29 ዲግሪ ሴልሺየስ ትደርሳለች። አማካይ ግን ዋስትና አይሆንም፤ በጃንዋሪ 2019 መጨረሻ ከተማዋ ከዜሮ በታች 33 ዲግሪ አይታለች።

ጉዳቱን የሚያመጣው የቅዝቃዜው መጠን ብቻ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆነው የሚቆዩት የጥድ ዓይነቶች ፀሐይና ነፋስ ሲነካቸው ከቅጠላቸው እርጥበት ይወጣል። መሬቱ በርዶ ስለ ደነደነ ሥራቸው የወጣውን ውኃ መተካት አይችልም። ቡናማ የሚሆነው ጎን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ፀሐይና ወደ ነፋስ የዞረው የሆነው ለዚህ ነው። ቅርፊታቸው ስስ የሆነ ወጣት ዛፎች ደግሞ ሌላ ችግር አለባቸው። የፌብሯሪ ፀሐይ የግንዱን ደቡብ ምዕራብ ጎን ስታሞቀው ከቅርፊቱ ሥር ያለው ሕይወት ከእንቅልፉ ይነቃል፤ ፀሐይዋ ስትጠልቅ ድንገት ይቀዘቅዝና ቅርፊቱ ይሰነጠቃል። በመንገድ ዳር የቆሙት ላይ በረዶ ለማቅለጥ የተበተነው ጨው ይጨመርባቸዋል፤ በረዶው እንደቀለጠ ሥራቸውን በብዙ ውኃ ማጠብ ይጠቅማቸዋል።

በረዶው ራሱ ግን ለተክል ጋቢ ነው። ፎርሲቲያ የተባለው ቢጫ አበባ ያለው ቁጥቋጦ ይህን በግልጽ ያሳያል፦ ከከባድ ብርድ በኋላ በረዶ ሸፍኖት የከረመው የታችኛው ክፍል ሲያብብ ከላይ ተጋልጦ የቆየው ባዶውን ይቀራል። አበባው ያቆመበት መስመር በረዶው የት ድረስ ተከምሮ እንደነበር ይናገራል። ይኸው በረዶ ለጥንቸሎች መቆሚያ ይሆናቸውና ከቁመታቸው በላይ ያለውን ቅርፊት ያስግጣቸዋል። ከሥሩ ደግሞ የሜዳ አይጦች ከአዳኝ ዓይን ተሰውረው የግንዱን ግርጌ ይበላሉ። ቅጠል ያዘጋጀው ምግብ ወደ ሥር የሚወርደው በቅርፊቱ በኩል ስለሆነ፣ ዙሪያውን ሙሉ የተላጠ ግንድ አይተርፍም። በአንድ ጎን ብቻ የተጋጠው ግን ሊያገግም ይችላል።

ሞቷል ወይስ ተኝቷል?

የቀዝቃዛ አገር ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ የሚተኛው ብርዱን ለማለፍ ነው። ፖም እንዲያውም ብርዱን ይፈልገዋል፤ በቂ የቅዝቃዜ ሰዓት ካላገኘ በወጉ አይነቃም። በኢትዮጵያም ፖም እንደ ጨንቻ ባሉ ደጋማ ቦታዎች የሚስማማው በዚሁ ምክንያት ነው። ስለዚህ በኤፕሪል መጀመሪያ ደረቅ መስሎ የቆመ እንጨት ሁሉ የሞተ አይደለም።

መለያው ቀላል ነው። ቀጭኑን ቅርንጫፍ በጥፍር ወይም በቢላ ጫፍ ትንሽ መፋቅ ይበቃል። ከቅርፊቱ ሥር አረንጓዴና እርጥብ ከታየ በሕይወት አለ፤ ቡናማና ደረቅ ከሆነ ወደ ታች ወረድ ብሎ እንደገና መፋቅ ነው። ጫፉ ሞቶ መሐሉ የሚተርፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ጽጌረዳ ሲሆን እንጨቱን ከላይ ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየቆረጡ መሐሉን ማየት ይገባል፤ ቡናማ የነበረው ወደ ነጭነት ሲለወጥ ሕያው እንጨት ጋ ተደርሷል ማለት ነው።

ቡናማ የሆነው ጥድ ጥድፊያ አይወድም። ቅጠሉ ቢደርቅም እምቡጡ ሊተርፍ ስለሚችል እስከ ሜይ መጨረሻ ቆይቶ አዲስ ለምለም የሚወጣበትን ማየት፣ ከዚያ የደረቀውን ብቻ ማንሣት ይሻላል። እንደ ሂቢስከስ ያሉትም ከሥር የሚበቅሉት ዘግይተው ነው፤ ጎረቤቶቻቸው ሁሉ ቅጠል ሲያወጡ እነሱ ምንም ምልክት ስላላሳዩ ተነቅለው የሚጣሉበት ጊዜ አለ።

የአበባው ቀጠሮ

በጓሮ ገረዛ አብዛኛው ሰው አበባውን የሚያጣው እዚህ ላይ ነው። በጸደይ የሚያብቡ ቁጥቋጦዎች፣ ለምሳሌ ላይላክና ፎርሲቲያ፣ እምቡጣቸውን የሚቋጥሩት ባለፈው ዓመት የሙቀት ወራት ነው። በኤፕሪል ላይላክን አሳጥሮ የገረዘ ሰው የሚያምር ቅርጽ ያገኛል፤ የሜይን አበባና መዓዛ ግን አብሮ ቆርጦ ጥሎታል። እነዚህ የሚገረዙት አበባቸው እንደረገፈ ወዲያው ነው። በጁላይና በኦገስት የሚያብቡት ደግሞ አበባቸውን የሚያወጡት በዚያው ዓመት ባደገ እንጨት ላይ ስለሆነ በጸደይ መጀመሪያ ቢቆረጡ አይጎዱም።

ሃይድሬንጃ ሁለቱንም ጠባይ በአንድ ስም ይዟል። ነጭ ትልልቅ ኳስ የሚያወጣው አናቤል በዘንድሮው እንጨት ላይ ስለሚያብብ በጸደይ ዝቅ ተደርጎ ይቆረጣል። ሰማያዊና ሮዝ አበባ ያለው ሰፊ ቅጠሉ ሃይድሬንጃ ግን በአብዛኛው የሚያብበው በአምናው እንጨት ነው፤ የሚኒሶታ ብርድም እምቡጡን ቶሎ ይገድልበታል። ስለዚህ መቀስ ከማንሣት በፊት የትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ግድ ነው። ካልታወቀ አንድ ዓመት ሳይነኩ ቆይቶ አበባው በየትኛው እንጨት ላይ እንደወጣ ማየት መልሱን ይሰጣል።

ቁስሉ የሚዘጋበት

ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በኋላ የዛፍ ገረዛን አስተሳሰብ የለወጠው ሰው የአሜሪካ ደን አገልግሎት ተመራማሪ የነበረው አሌክስ ሺጎ ነው። ሺጎ ዛፎችን ከላይ እስከ ታች በመጋዝ ሰንጥቆ የውስጣቸውን መበስበስ አጠና። ዛፍ የተጎዳውን ሕዋስ መልሶ እንደማያድን፣ ይልቁንም ዙሪያውን አጥሮ እንደሚለየውና በላዩ አዲስ እንጨት እንደሚያለብስ አሳየ። ይህን የሚያደርገው ቅርንጫፉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ ባለው አበጥ ያለ አንገት ነው።

የዛሬው ደንብ ከዚህ ይወጣል። ቅርንጫፉ ከአንገቱ ውጭ ተጠግቶ ይቆረጣል፤ ከግንዱ ጋር ተላጭቶ ከተቆረጠ መዝጊያው አብሮ ይሄዳል፣ ጉቶ ከተተወለት ደግሞ ጉቶው ይበሰብሳል። ከባድ ቅርንጫፍ በሦስት ቆረጣ ይወርዳል፦ መጀመሪያ ከአንገቱ ራቅ ብሎ ከሥር ትንሽ ይገዘገዛል፣ ቀጥሎ ከዚያ ወጣ ብሎ ከላይ ተቆርጦ ክብደቱ ይወርዳል፣ በመጨረሻ የቀረው ጉቶ አንገቱ ጋ ይነሣል። ይህ ሲሆን ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት ይዞ አይወርድም። ቁስልን ቀለም መቀባትም በአብዛኛው አይጠቅምም።

በሚኒሶታ ኦክ የተባለው ዛፍ ከሌሎቹ ይለያል። የኦክ አጠውላጊ የሚባለው የፈንገስ በሽታ ከታመመ ዛፍ ወደ ጤነኛው ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ በአዲስ ቁስል የሚሳቡ ትናንሽ ጥንዚዛዎች ናቸው። ስለዚህ ኦክ ከኤፕሪል እስከ ጁላይ አይገረዝም፤ ማዕበል ሰብሮት የግድ ከሆነ ቁስሉ ያኔውኑ ይቀባል። ለእሱ ደኅናው ጊዜ መሬቱ በበረዶ ሥር ያለበት ነው።

ፖም የሚገረዘው ብርዱ በረድ ካለ በኋላ እምቡጡ ከመፈንዳቱ በፊት ነው። የሞተው፣ የታመመውና እርስ በርሱ የሚፋተገው ይቀድማል፤ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወረወረው ቀጭን ቡቃያ ይከተላል። ከአንድ ሦስተኛ በላይ የተቆረጠ ዛፍ ግን ኃይሉን በፍሬ ፋንታ በአዲስ ቡቃያ ይጨርሰዋል። የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ለዚሁ ብርድ የሚሆኑ ፖሞችን ለረጅም ጊዜ ሲያዳቅል ቆይቷል፤ በ1960 ተዳቅሎ በ1991 ለገበያ የቀረበው ሀኒክሪስፕ የዚያ ሥራ ውጤት ነው። የታመመ እንጨት የነካ መቀስ ወደ ሌላ ዛፍ ከመሄዱ በፊት በ70 በመቶ አልኮል ይጸዳል።

ከሥር ያለው

መሬቱን ማጽዳትም የራሱ ጊዜ አለው። ውኃ የጠገበ አፈር ላይ መመላለስ አፈሩን ይጠቀጥቀዋል። ስለዚህ ጭብጥ ተደርጎ ሲለቀቅ የሚፈረፈር እስኪሆን መቆየት፣ ከዚያ የሻገተውን ሣር በቀስታ በሬክ ማላቀቅ ነው። አምና የደረቁት የአበባ አገዳዎችም ባዶ አይደሉም፤ ትናንሽ ንቦች በውስጣቸው ይከርማሉ። ከ20 እስከ 60 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ጉቶ ትቶ መቁረጥ ለሚመጣው ትውልድም መኖሪያ ይሆናል፤ አዲሱ ቅጠል ጉቶውን በቶሎ ይሸፍነዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ አርጅቶ የተጠላለፈ ላይላክ ቢቀር፣ መፍትሔው ለቡና አምራች እንግዳ አይሆንም። ያረጀ ቡና ዝቅ ብሎ ተቆርጦ በአዲስ ቡቃያ እንደሚታደስበት ጉንደላ፣ ላይላክም ከመሬቱ ጠጋ ብሎ ተቆርጦ ከሥሩ ይነሣል፤ ዋጋው ለጥቂት ዓመታት ያለ አበባ መቆየት ነው። ያን መታገሥ የማይፈልግ በየዓመቱ ካረጁት ግንዶች ሲሶውን ብቻ ያወጣል።

በየጸደዩ ጫፉ እየሞተ የሚመጣ ቁጥቋጦ ግን በመቀስ አይድንም፤ ለቀጠናው አልተፈጠረም። በኤፕሪል የሞተውን ሲቆርጡ የትኛው ተክል፣ በየትኛው ጥግ፣ ምን ያህል እንደተጎዳ መጻፍ በሜይ ችግኝ ቤት ሲገባ የሚጠቅም ማስረጃ ነው። ሰማያዊውን ሃይድሬንጃ ለአራተኛ ጊዜ ከመግዛት አናቤልን መትከል፣ ወይም ሰማያዊውን በረዶ በሚከመርበትና ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ማስቀመጥ፣ የሚቀጥለውን ዓመት የገረዛ ሥራ ከወዲሁ ያቃልላል።